ከናዝሬት የመጣው ፓምፕ ጠጋኝ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንድ ባጃጅ ጭቃ ረጨኝና አለፈ። የኋላ መስታወቱ ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ሰማያዊ ኮከብ ተለጥፏል። እግር በእግር የተከተለው ሌላው ባጃጅ ደግሞ ጥቁርና ነጭ የዐረብ ሻርፕ አንጠልጥሎ መጣና እሱም ድርሻውን ረጨኝ። ሁለቱም ሾፌሮች የከተማችን የሚዛን ልጆች ናቸው፤ የአንዱ እናት ስታምጥ ውሃ ያፈላሁት እኔ ነኝ። መንገድ ዳር ቆሜ ነጠላዬን እያራገፍኩ ሳቅሁ። አላፊ አግዳሚው አሮጊቷ ነካ አደረጋት ሳይለኝ አልቀረም። ይበል። ያኔ፣ ቤቴን ያጣሁ ጊዜ፣ ሚዛን ውስጥ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጭቃው ግን ነበረ፣ ኮከቡም ሻርፑም ነበሩ። እኔን ቤት ያሳጡኝ እነሱ ናቸው።

ያ ዘመን ሻይ በሃምሳ ሳንቲም የሚጠጣበት፣ አልጋ ከነመታጠቢያ ውሃው በአምስት ብር የሚከራይበት ዘመን ነበር። እኔ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ስምንት ክፍል ያለው አልቤርጎ ነበረኝ፤ ከፊት ለፊቱ ሻይ ቤት። መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ዝናቡ ግን ሰዓት አክባሪ ነበር። የቡና ጊዜ ሲደርስ ከተማው ሌላ ሰው ይሆናል፤ ጎረምሳው ሁሉ ጥቁር መነጽርና ሰፊ ሱሪ ይገዛል፣ የኮቱን እጅጌ ምልክት ሳይቀድ ይለብሳል፣ ሴቶቹ የኮንጎ ጫማቸውን ጥለው ባለ ተረከዝ ያደርጉና ጭቃው ውስጥ አንዱን ይተዋሉ። ክረምት ሲገባ መነጽሩም ኮቱም በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ጥግ ላይ ያለው ካሴት ቤት አንዱን ክር ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያጫውተው ክሩ ተስቦ ዘፋኙ የሰከረ ይመስል ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤ ዘፈኑም ከየስልኩ እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው።

አባቴ ከጉራጌ አገር ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ የመጣ ካቶሊክ ነበር። ስለዚህ እኔ ሚዛን ውስጥ ለሁሉም ግማሽ ሰው ነኝ፤ ለኦርቶዶክሱ የፈረንጅ ሃይማኖት፣ ለጴንጤው ሥዕል ሳሚ፣ ለእስላሙ ያው ክርስቲያን። ባለቤቴ ደሳለኝ ደግሞ የአገሩ ልጅ፣ ቤንች፣ ከነቤተሰቡ ጴንጤ ነበር። መልከ መልካም፣ ነጭ ኮት የሚወድ፣ ሰው ሲያየው ደስ የሚለው ሰው። ሲናደድ በቤንችኛ ያጉተመትማል፣ ሲኮራ በአማርኛ ይሰብካል። ወዶኝ ነው ያገባኝ፣ ወድጄው ነው ያገባሁት፤ ይኼን ከአሁኑ ልናገር፣ በኋላ የምለው ሁሉ መራራ ስለሚሆን።

ደሳለኝ ቡና አቅራቢ ነበርና በቴፒ መንገድ ወንዝ ዳር የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተከለ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ገበሬው ቀይ ቡናውን ለቅሞ በዕለቱ ያመጣል፤ ማሽኑ ቆዳውን ይፈለፍላል፣ ውሃ ያጥበዋል፣ ከዚያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ቀይ ቡና ትዕግሥተኛ አይደለም። ሳይፈለፈል አንድ ሌሊት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይኮመጥጣል፣ ከኮመጠጠ ያለቀለት ነገር ነው። ለጣቢያው ማስያዣ የሆነው ደግሞ የኔ አልቤርጎ ነበር። ባንክ ቤት ሄደን የፈረምን ቀን ደሳለኝ በደስታ ለከተማው ግማሽ ሻይ ጋበዘ።

የደሳለኝ የልብ ወዳጅ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሚስቱ ዘይነባ ለኔ እህት ነበረች፤ አሁንም ናት። በኛ አገር ድግስ ሁለት ማዕድ አለው። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ስለዚህ የደገሰ ሁሉ አንድ በግ ለእስላም ጎረቤቱ ይሰጣል፣ እሱ ያርዳል፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ትሠራለች፣ ማዕዱ ለብቻ ይቀርባል። «ማን አረደው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሕፃን እንኳ ይጠይቃል። በኔ ሰርግ ለእስላም ማዕድ ያረደው ሸምሱ፣ የሠራችው ዘይነባ ነበሩ። ሸምሱም ሲድር የክርስቲያኑን በሬ የጣለው ደሳለኝ ነው። እንዲህ ነበር የምንኖረው፣ ማንም ሳያስተምረን።

ከዚያ ደሳለኝ ዲሽ አመጣ። ለሻይ ቤቱ ገበያ ይጠራል ብሎ ነው፤ እውነትም ጠራ። የዶሮ ቤት ጣሪያ የሚያህል ሰሀን ቆርቆሮው ላይ ተተከለና አንድ ዐረብኛ፣ አንድ እንግሊዝኛ የሚያወራ የዜና ጣቢያ አመጣልን። ቋንቋውን የሚሰማ ሰው አልነበረም። ሥዕሉ ግን ይበቃ ነበር፤ ድንጋይ የሚወረውር ጎረምሳ፣ ታንክ፣ የተቃጠለ አውቶቡስ፣ የፈረሰ ቤት፣ ደረቷን የምትደቃ እናት። ሳምንት ሳይሞላ ሻይ ቤቴ ለሁለት ተከፈለ። የመስኮቱ አግዳሚ እስራኤል ሆነ፣ የበሩ አግዳሚ ፍልስጤም። የመስኮቱ አለቃ ባለቤቴ፣ የበሩ አለቃ ሸምሱ።

እስኪ ምን ያውቁ ነበር? ደሳለኝ በሕይወቱ ከአዲስ አበባ አላለፈም፤ ግን እስራኤልን የደገፈ ቤቱ ይባረካል ብሎ በጣቢያው በር ላይ ያንን ኮከብ በሰማያዊ ቀለም አስሳለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ዘካርያስ ደግሞ ፍልስጤሞቹን ቆጥሮ ቆጥሮ የጎልያድ የልጅ ልጅ አድርጎ ያሳርፋቸዋል። ሸምሱ ከጅማ ወዲያ የሄደው አንዴ ነው፣ ለጥርሱ፤ ግን ስለ ቁድስ፣ ስለ ኢየሩሳሌም ማለቱ ነው፣ ሲያወራ የራሱ ርስት የተነጠቀ ያህል ያለቅሳል። ያለቀሰው ውሸቱን አልነበረም። ደሳለኝም የሚጸልየው ውሸቱን አልነበረም። ክፋቱ እሱ ነው፣ ሁለቱም ከልባቸው ነበሩ።

የበሩ ሰዎች አውቶቡስ ሲቃጠል ሻይ ይጋብዙ ነበር። የመስኮቱ ሰዎች ቤት ሲፈርስ ሻይ ይጋብዙ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የልጇን ጫማ ይዛ ስትጮህ ቴሌቪዥኑ አሳየ፤ የየትኛው ወገን እንደሆነች ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው፤ እስኪለዩ ድረስ ብርጭቆ ያነሳ አልነበረም፣ ሲለዩ ግማሹ «ትወናዋን ተመልከቷት» ብሎ ሳቀ። ለኔ ሴትዮዋ ሴትዮ ነበረች፤ ለነሱ ግን የገባች ጎል ነበረች። እኔ ሻይ ቀዳሁ። አይኔን አፍጥጬ አይቼ፣ ስኳር ጨምሬ ቀዳሁ።

ወሬው ውሎ አድሮ ከቴሌቪዥኑ ወረደ። ሸምሱና ደሳለኝ በመጀመሪያ ሰላምታ አሳጠሩ፣ ከዚያ ተዉት። የሸምሱ እናት የሞተች ጊዜ ባለቤቴ ዕድሩ እንዳይቀጣው ብቻ ቀብር ሄዶ ለሸምሱ አንዲት የማጽናኛ ቃል ሳይናገር ተመለሰ። ሸምሱ በበኩሉ የደሳለኝ እህት ልጅ ሲሞትበት ሱቁን እንኳ አልዘጋም። እኔና ዘይነባ በጓሮ እንገናኝ ነበር። «ጥሩዬ፣ እነዚህ ሰዎች እዚያ አገር ቢሄዱ ማን ሻይ ያፈላላቸዋል?» ትለኝና እንስቅ ነበር።

ታዲያ በአንዱ የቡና ዓመት፣ ቀዩ ቡና እንደ ጉድ በሚጎርፍበት ሳምንት፣ የጣቢያው ፓምፕ ቆመ። ውሃ ከሌለ መፈልፈያው አይሠራም። ደሳለኝ ቴሌ ሄዶ ማሽኑን ለሸጠለት የአዲስ አበባ ነጋዴ ደወለ። ነጋዴው፣ አይዞህ፣ አንድ የእስራኤል ባለሙያ ቴፒ ሥራ ይዞ እየወረደ ነው፣ የጎደለውን ዕቃ አስይዤ ወደ አንተ አልከዋለሁ አለው። ደሳለኝ ቤት ሲገባ ፊቱ በርቷል። ስለ ፓምፑ አልነገረኝም። የነገረኝ፣ ስሜን ጠርቶ «ጥሩ፣ ከተመረጠው ሕዝብ አንድ ሰው ቤታችን ሊገባ ነው» ብሎ ነው።

ሰውዬው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሰሚር እባላለሁ አለ። ስሙን ሰምተን መጠርጠር ነበረብን፣ ግን ማን ጆሮ አለው? ቦርጫም፣ ጢሙን የተላጨ፣ ግራጫ ቱታ የለበሰ፣ ሰንደል ጫማ ያደረገ፣ የአርባ ምናምን ዓመት ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት ፓምፕ ሲተክል ስለኖረ አማርኛውን ከመካኒኮች ለምዷል፤ ስለዚህ ከሰላምታው ስድቡ ይቀናዋል። ደሳለኝ ከየት እንደሆነ ጠየቀው። ናዝሬት አለ። የባለቤቴ ፊት ጠቆረ፤ የኛዋ ናዝሬት መስላው ነበር። ሰሚር ነገሩ ገባውና ሳቀ፣ አይ፣ የኢየሱስ ናዝሬት አለው። ደሳለኝ ዓይኑ እንባ ሞላ። ጎንበስ ብሎ የሰውዬውን ትከሻ ሳመ፣ ደግሞ ሳመ። ሰሚር ገና በትከሻው ላይ ቦርሳውን እንደያዘ ነበር።

ሰሚር ፓምፑን ፈትቶ አየው። ውስጡ ያለች አንዲት ጎማ ናት የተበላችው፣ አዲሷን ይዣለሁ፣ ማስገባቱ ግን መሣሪያና እጅ ይፈልጋል፣ አሁን ከጀመርኩ ሳይመሽ ውሃ ታያላችሁ አለ። ገበሬዎቹ ከሼኮም ከቤንችም ቅርጫታቸውን ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል። የጠዋቱ ቡና ገንዳ ውስጥ ተከምሮ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት የተሠራው። ደሳለኝ ሰውዬውን ክንዱን ይዞ ከፓምፑ አራቀው። እንግዳ ቤቴ ገብቶ ሳይበላ አይሠራም፣ ያውም ከናዝሬት የመጣ እንግዳ፣ ዛሬ ትበላለህ፣ ነገ በጠዋት ትሠራለህ አለው። ሰሚር ሁለቴ መጀመሪያ ሥራው ይሁን አለ። ሁለቴም ደሳለኝ አሸነፈው፤ በእንግዳ አክባሪነት ማን ያሸንፈናል?

ሙክት ተጎትቶ መጣ። እኔ እንደ ልማዴ ሁለተኛውን በግ ወደ ዘይነባ ቤት ልልክ ስል ባለቤቴ አስቆመኝ። ድግስ ሁለት ማዕድ አለው አልኩት። ዛሬ አንድ ነው አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ቤታችን የእስላም ማዕድ ሳይኖረው የተደገሰው ያን ቀን ነው። በጉን ደሳለኝ ራሱ አረደ፣ ነጭ ኮቱን አውልቆ። የመስኮቱ አግዳሚ ሰዎች ሁሉ መጡ፣ አቶ ዘካርያስ መረቀ፤ የበሩ ሰዎች ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሸምሱ ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

ጥብሱ ሲቀርብ ሰሚር እጁን ሰበሰበ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማን አረደው ብሎ ጠየቀ። ዓመታት ኖሯልና የአገሩን ደንብ ያውቃል። ደሳለኝ ደረቱን ነፍቶ እኔ ራሴ አለ። ሰሚር ሳህኑን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ገፋና እኔን አየኝ፤ ሽሮ ካለሽ፣ እንቁላልም ካለ አለኝ። አቶ ዘካርያስ ወዲያው አዋቂ ሆነ፤ አይሁድ ሥጋ የሚባርኩት በራሳቸው ሥርዓት ነው፣ ሕጋቸው ጥብቅ ነው፣ እኛም እንዲህ ብንሆን ብሎ ለተሰበሰበው አብራራ። ሰዉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ሰሚር ዝም ብሎ ቢበላ ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ግን ውሸት በስሙ ሲነገር መስማት አልቻለም መሰለኝ።

«አይሁድ አይደለሁም» አለ። «እስላም ነኝ። ዐረብ ነኝ።»

ደሳለኝ መጀመሪያ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ከእስራኤል ነው የመጣኸው ተብያለሁ» አለው።

«ከእስራኤል ነው። ፓስፖርቴ የእስራኤል ነው። አያቴም እዚያው ነው የተወለደው፣ ፓስፖርቱ ሳይፈጠር።»

ከመንገዱ ማዶ የሚያዩን ሰዎች እንዴት እንደሰሙ አላውቅም፤ ወሬ እግር አለው። ብቻ ሳቅ ተነሳ። የሸምሱ ሳቅ ነው፣ ከሩቅ አውቀዋለሁ። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ያጨበጭባል። ባለቤቴን ያየሁት ያኔ ነው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት አልነበረም፣ ውርደት ነበር። የሳመውን ትከሻ አስቦ መሆን አለበት። ሰው ሁሉ እያየው ተነሳ።

«የሰው ስም ለብሰህ ቤቴ ገባህ» አለው። «ተነስ ከገበታዬ።»

ሰሚር የኔን እንቁላል ሁለት ጊዜ ጎርሶ ነበር። ሦስተኛውን አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ማንም አላስቆመው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ዘይነባ ናት። የበሩ ሰዎች እንደ ሙሽራ ተቀበሉት። ሸምሱ በግ አረደ፣ ሰሚር በላ፣ ጠገበ። አጫውተን አሉት፤ የአያቱ የወይራ ማሳ እንዴት እንደተወሰደ አጫወታቸው፣ ሁሉም አለቀሱ። እዚያ ላይ ቢያቆም ይሾሙት ነበር። ሸምሱ ግን ከነሱ ጋር እንዴት ትኖራለህ ብሎ ጠየቀው፤ እሱም ያለውን መለሰ። አለቃዬ አይሁድ ነው፣ ደመወዜን አጉድሎብኝ አያውቅም፤ ልጄን ያዋለደችው ሐኪም አይሁድ ናት፤ ደግም አለ ክፉም አለ፣ እንደ እናንተ አገር ነው አላቸው። ሸምሱ ሳህኑን ከፊቱ አነሳ። ወንድሞችህ እየሞቱ አንተ የገዳዮቻቸውን ፓምፕ ትጠግናለህ አለው። አልጋም አልሰጠውም። ዘይነባ በጓሮ በር አወጣችውና ወደኔ ላከችው፤ አራት ቁጥር ክፍልን ከፍቼ አስተኛሁት። ደሳለኝ ያውቃል፣ በግድግዳው በኩል ሳሉን ይሰማል፤ ተነስቶ ሁለት ቃል መናገር ብቻ ነበረበት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ሰሚር የቴፒውንም ሥራ ትቶ በማለዳው የጅማ አውቶቡስ ሄደ። ደሳለኝ ጣቢያው ሲደርስ ገበሬው ግቢውን ሞልቶታል፣ ገንዳው ውስጥ ያደረው ቡና አረፋ መድፈቅ ጀምሯል። ከከተማው ሁለት መካኒክ አመጣ፤ ሁለቱም አይተው ራሳቸውን አከኩ። ፒክአፑን አስነሳና እኔን አሳፍሮ አውቶቡሱን መከተል ጀመርን። ያ መንገድ አሁን አስፋልት ሆኗል አሉ፤ ያኔ ግን ጉድጓድ ለጉድጓድ ነበር፣ በግራም በቀኝም ደን። ደሳለኝ መሪውን ይዞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚለማመደው ይቅርታ እንደሆነ ገባኝ፤ በአማርኛም በቤንችኛም ይሞክረው ነበር። ልቤ ራራለት። ይህ ሰው ይድናል አልኩ።

አውቶቡሱን ሺሺንዳ ለምሳ እንደቆመ አገኘነው። ሰሚር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ እንቁላል ይበላል። ደሳለኝ አጠገቡ ቆመ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ከሚቀጥለው ጠረጴዛ «ወንድም ደሳለኝ፣ በሰላም ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። አቶ ዘካርያስ ነው፤ ለካ እሱም ለሕክምና ጅማ እየሄደ በዚያው አውቶቡስ ተሳፍሮ ኖሯል። እንጀራው እጁ ላይ እንዳለ፣ ዓይኑን ከኛ ሳይነቅል ያኝካል።

ደሳለኝ አፉን ዘጋ።

«ምን ፈለግክ?» አለው ሰሚር።

«ፓምፑን...»

«ፓምፑ አልሰደበኝም። አንተ ነህ የሰደብከኝ። አንድ ቃል በል፣ እመለሳለሁ።»

ባለቤቴ ዘካርያስን አየ። ዘካርያስ ማኘክ አቁሟል። እኔ መታገሥ አቃተኝና እኔ ይቅርታ እልሃለሁ፣ ስለ እሱም ስለ ቤቴም ይቅር በለኝ አልኩት። ሰሚር ሳቀ፤ መልካም ሳቅ አልነበረም። አንቺማ እንቁላልሽን በልቻለሁ አለኝ፤ ቡናው የማን ነው? የሱ ነው። ስለዚህ እሱ ይበል።

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ጮኸ። ቡናው፣ ጣቢያው፣ የኔ ቤት፣ በር ላይ የተሰለፈው ገበሬ ሁሉ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ እሱም ያውቃል። በመጨረሻ ያለው፣ ጎማዋን ሽጥልኝ ነው። ሰሚር ቦርሳውን ከፍቶ ይኼን ሁሉ ያመጣች የማትመስል ትንሽ ጥቁር ጎማ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

«ውሰዳት፣ በነፃ» አለው። «የእስራኤል ስጦታ ናት።»

ተነስቶ ተሳፈረ። አቶ ዘካርያስም እጁን ታጥቦ፣ የደሳለኝን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ ጸንተሃል ወንድሜ ብሎት ተሳፈረ። ያን ትከሻ በመጥረቢያ ብለው ደስ ይለኝ ነበር። የሁለቱንም።

ጎማዋን ሁለቱ መካኒኮች በመዶሻ ሊያስገቧት ሲታገሉ ተሰነጠቀች። ገበሬዎቹ ለጥቂት ሰዓት ጠበቁ፤ ከዚያ አንዳንዱ ቅርጫቱን ተሸክሞ ወደ ሌላ ጣቢያ ገሰገሰ፣ መድረስ የማይችለው እዚያው ደፍቶት ሄደ። የኮመጠጠው ቡና ወንዝ ተለቀቀ፤ የታችኞቹ ሰዎች ውሃችን ሸተተ ብለው ከሰሱ፣ ጣቢያው ታሸገ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ የኛ ቆጥ ደግሞ ባሕር ማዶ ነበር። ባንክ ቤቱ አልቤርጎዬን በሐራጅ አወጣው። ማን ገዛው? ሸምሱ። የገዛው ቀን ለአላፊ አግዳሚው ሻይ ጋበዘ፣ በኔ ብርጭቆ። ዘይነባ አልቅሳ፣ ተጣልታ፣ አልበላም ብላ ነው በጓሮ ያለችውን አንዷን ክፍል ያስለቀቀችልን። ያቺው አራት ቁጥር ናት።

የባሰው ግን ሌላ ነው። አቶ ዘካርያስ ከጅማ ሲመለስ ሺሺንዳ ያየውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው አወራ፤ ወንድም ደሳለኝ ቡናውን፣ ሀብቱን፣ ቤቱን ስለ እስራኤል አጣ አለ። ምእመኑ አለቀሰ። ደሳለኝ እንዲመሰክር ተጠራ። መጀመሪያ ቀን አንገቱን ደፍቶ አጭር ተናገረ፤ ሁለተኛ ጊዜ ረዘም አደረገው፤ በዓመቱ ሰሚር በምስክርነቱ ውስጥ ዲያብሎስ የላከው ሰላይ ሆኖ ነበር፣ ፓምፑንም ያበላሸው እሱ ነው። ጌጫ ድረስ፣ ማጂ ድረስ እየጠሩት መሰከረ። ነጭ ኮቱ ክርኑ ላይ ተበሳ፣ እኔ ጠቀምኩት፣ እሱ መሰከረ። አንድ ቀን ቤት ሲገባ መንገድ ላይ ስትለማመድ የነበረው ይቅርታ የት ገባ አልኩት። የምን ይቅርታ አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። እውነቱን ነው፤ ረስቶታል። ከዚያ ቀን ወዲያ ጠላሁት። እያበላሁት፣ እያጠብኩለት ጠላሁት፤ ይኼን ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ፣ አልጸጸትም አልኳቸው።

ዓመታት ሄዱ። ባጃጅ መጣ፣ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ሻይ ብር ገባ፣ ሁለት ገባ፣ ሦስት ገባ። ደሳለኝን ግማሽ ጎኑን መታው። ምላሱ በኋላ ተመለሰ፤ ሐሳቡ ግን ገሚሱ በመንገድ ቀረ። እኔን አንዳንዴ በእህቱ ስም ይጠራኛል። ዘይነባ፣ ሰውዬው እንዳይሰለቸው ብላ ትንሽ ቴሌቪዥን አስገባችልን፤ ዲሹ የሸምሱ ነው፣ ገመዱ በግድግዳው ያልፋል። ያን ሰሞን እዚያ አገር እንደገና ተያይዘው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እግሩን እያጠብኩት ሥዕሉ መጣ፤ የፈረሰ ፎቅ፣ አቧራ፣ አንዲት የኔ ዕድሜ ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ባዶ ድስት ታቅፋለች። ደሳለኝ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ግንባሩን ቋጠረ፤ የሆነ ነገር ለማስታወስ ይታገላል። አንድ ሙሉ ሕይወት የሰጠው ነገር ነው፣ ግን አልመጣለትም።

«ጥሩ» አለኝ። ያን ቀን ስሜን አልሳተም። «የኛ የትኞቹ ናቸው?»

ውሃው ውስጥ እጄን እንዳደረግሁ ቀና ብዬ አየሁት። እውነቱን ልነግረው እችል ነበር።

«ቤታቸው የፈረሰባቸው» አልኩት።

ወደ ሴትዮዋ ተመለከተ። ደህናዋን እጁን ቀስ አድርጎ ለበረከት አነሳ።

«እግዚአብሔር ያጽናቸው» አለ።

አሜን አልኩና እግሩን አደረቅሁለት።